ከተማን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

የፎቶግራፍ መሣሪያ በአገራችን ለረዥም ዘመን በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የሚገኝ ውድ ዕቃ ነበር። ፎቶግራፍ መነሣት የፈለገ ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ጠጕሩን አበጥሮ፣ ወደ ፎቶግራፍ ቤት ሄዶ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ዛሬ ግን መሣሪያው በየኪሳችን ይገኛል። ከአንድ ክፍል ተማሪዎች በአንድ የዕረፍት ቀን የሚወጣው ሥዕል አያቶቻችን በዕድሜያቸው ሙሉ ከተነሡት ሳይበልጥ አይቀርም። ይህ ታላቅ ዕድል ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው በበዛበት መጠን ስለ አነሣሡ ማሰብም በዝቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ መልሱ የሚያኰራ አይመስለኝም።

«ማየት ማመን ነው» ይባላል። ፎቶግራፍ ያየ ሰውም ቦታውን ራሱን እንዳየ አድርጎ ያምናል። ነገር ግን በፎቶግራፍ ውስጥ የምናየው አንድ ሰው ከቦታው ውስጥ መርጦ ያስቀረልንን ብቻ ነው። የት እንደሚቆም፣ በስንት ሰዓት እንደሚያነሣ፣ ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚተው የመረጠው ሰው ነው እንጂ መሣሪያው አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከተማንና ሕንፃን በፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ስለሚያሳየው ነገር ብቻ ሳይሆን ስለሚተወውም ነገር ኃላፊነት አለበት። ሕንፃውንም ከጎረቤቱና ከሰዉ ሳይለይ ቢያነሣው፣ ሥዕሉ ለጊዜው ከማማሩም በላይ ለሚመጣው ዘመን የሚጠቅም ይሆናል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ምክንያት አለ። የዚህ ዓመት መጽሔታችን ሲዘጋጅ የከተማችን ፎቶግራፎች የሚወጡበት ገጽ እንዲኖር ተወስኖ፣ ተማሪዎች ያነሡትን ሥዕል እንዲያመጡ ተጠየቁ። ከመጡት ውስጥ አንዱ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የቆመውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት የሚያሳይ ሲሆን፣ ከፊት ለፊት በእግረኛው መንገድ ላይ አንድ ሊስትሮ የሰው ጫማ ሲጠርግ ይታያል። አንዳንዶቻችን ሥዕሉን እጅግ ወደድነው። ሌሎች ግን «ሊስትሮው ተቈርጦ ይውጣ፤ መጽሔቱን ወላጆችና እንግዶች ያዩታል፤ ሕንፃው ብቻውን ይበቃል» አሉ። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጥቶበት ሥዕሉ ሳይቈረጥ እንዲወጣ በትንሽ ብልጫ ተወሰነ። ነገር ግን በድምፅ መብለጥና በምክንያት ማሳመን አንድ አይደሉም። እኔ «ይቈይ» ካሉት ወገን ስለ ነበርሁ፣ ያን ጊዜ በአጭሩ የተናገርሁትን ምክንያት እነሆ በሰፊው አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ከፎቶግራፍ ታሪክ አንድ ነገር ላስታውስ። ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1838 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከመስኮት ሆኖ አነሣው። በዚያን ዘመን መሣሪያው ሥዕሉን ለመቅረጽ ለብዙ ደቂቃ ብርሃን መቀበል ነበረበት። ስለዚህ ጎዳናው ሰውና ሰረገላ የሚመላለስበት ሆኖ ሳለ፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይቀረጽ ቀረና ከተማው ባዶ መስሎ ታየ። በመንገዱ ማእዘን ላይ ግን አንድ ሰው ይታያል። ይህ ሰው ሊቀረጽ የቻለው ጫማውን ለማስጠረግ አንድ እግሩን አንሥቶ ጸጥ ብሎ ስለ ቆመ ነው። ከፊቱ ያጐነበሰው ጫማ ጠራጊም በደብዛዛው ይታያል። እስከ ዛሬ በሚታወቀው መሠረት በፎቶግራፍ ላይ በመጀመሪያ የታዩት ሰዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ የከተማ ፎቶግራፍ ታሪክ የጀመረው ከጫማ ጠራጊ ጋር ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሌላውን ሰው ሁሉ ከጎዳናው ያጠፋው የመሣሪያው ድካም ነበር። ዛሬ መሣሪያው ሁሉንም ማስቀረት እየቻለ ሰዉን የምናጠፋው እኛ ራሳችን ነን።

አሁን ፎቶግራፍ አንሺ የሚመርጣቸው ነገሮች ምን ምን እንደ ሆኑ በተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ምርጫ የመቆሚያ ቦታ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የባንክ ሕንፃ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ከሥሩ ቆሞ ስልኩን ወደ ላይ ያቀና ሰው ሕንፃው ወደ ኋላ የተንጋለለ መስሎ፣ ጎንና ጎኑም ወደ ላይ በሄደ ቍጥር እየጠበበ ያገኘዋል። ይህ የሚሆነው የሕንፃው ጫፍ ከግርጌው ይልቅ ከአንሺው እጅግ የራቀ ስለ ሆነና፣ መሣሪያው ወደ ላይ ሲያዘነብል የራቀው ነገር አንሶ ስለሚቀረጽ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ እንዲታይለት የፈለገ ሰው መሣሪያውን ሳያዘነብል መያዝ አለበት። ለዚህም ወደ ኋላ መራቅ፣ ወይም በአንጻሩ ካለ ሕንፃ መካከለኛ ፎቅ ላይ መውጣት፣ ወይም ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራውን ከፍና ዝቅ የሚል ሌንስ መጠቀም ያስፈልገዋል። ቀጥ ያለው ሥዕል ሕንፃውን መሐንዲሱ እንደ ነደፈው ያሳየናል። የተንጋለለው ሥዕል ደግሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ሲመለከት የሚሰማውን ያሳየናል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን አንሺው ከሁለቱ የትኛውን ሊነግረን እንደ ፈለገ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሳያስብበት የተንጋለለ ሥዕል የአጋጣሚ ነገር ነው እንጂ ምርጫ አይባልም።

ከአዲስ አበባ ወጥተን ስለ ጉዞ ፎቶግራፍ ብናስብ ይህ ነገር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በላሊበላ የሚገኘው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዐለት ወደ ታች እየተፈለፈለ የተሠራ ስለ ሆነ ጣራው በዙሪያው ካለው መሬት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ጎብኚ ሁሉ ከጕድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ በጣራው ላይ የተቀረጸውን መስቀል ያነሣል። በፖስታ ካርድም፣ በግድግዳ ላይ ቀን መቍጠሪያም የምናየው ይህንኑ ነው። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ የሕንፃውንም ቅርጽ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ የለም። በጠባቡ መተላለፊያ ወርዶ ከግቢው ወለል ላይ የቆመ ሰው ግን መስቀሉን አያየውም። በመስቀሉ ፋንታ ግድግዳው ከሰው ራስ በላይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ምእመናንም ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉን ሲሳለሙ ያያል። ከላይ የተነሣው ሥዕል የተጠበበውን እጅ ሥራ ያሳያል፤ ከታች የተነሣው ሥዕል ደግሞ ቤቱ ለምን እንደ ተሠራ ያሳያል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ከአፋፉ ላይ ብቻ አንሥቶ የተመለሰ ተጓዥ የቤተ ጊዮርጊስን ግማሽ ብቻ ይዞ ተመልሷል።

ሁለተኛው ምርጫ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ እኩለ ቀን ላይ ፀሓይ ከራሳችን ብዙ አትርቅም። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻማ ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በዚህ ሰዓት በረንዳው ሁሉ ከሥሩ ጥቍር ጥላ ይጥላል፤ የሰውም ዐይን በቅንድቡ ጥላ ይሸፈናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ እንዲሁም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የድንጋዩ ሸካራነትና የእንጨቱ ቅርጽ ተለይቶ ይታያል። ከዚህም በቀር ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሓይ በስተ ደቡብ በኩል ስለምትዞር፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ያደረገ ሕንፃ በእነዚያ ወራት ቀጥተኛ ብርሃን አያገኝም። በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ የቆመው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ግን በእነዚሁ ወራት ደምቆ ይታያል። ስለዚህ ሕንፃ የሚያነሣ ሰው ከሰዓቱም ጋር ወሩን መምረጥ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ለሁሉ ቦታ የሚሠራ ሕግ ነው ብሎ መያዝ ስሕተት ይሆናል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በቅርቡም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። በውስጡ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። ይህን የመሰለ መስተዋት ቀን ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው የጠቈረ ይመስላል፤ ቀለሙ የሚነበበው ከውስጥ ሆኖ የውጭው ብርሃን ሲያልፍበት ነው። እንዲሁም ባለፈው ዓመት ለትምህርት ጉብኝት ሐረር በሄድን ጊዜ እንደ ተመለከትሁት፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች እጅግ ጠባብ ስለ ሆኑ ጠዋትና ማታ በጥላ የተሞሉ ናቸው። ፀሓይ እስከ ወለሉ ወርዳ በኖራ የተቀባውን ግድግዳ የምታበራው በእኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና ክፉ የነበረው ሰዓት በሐረር መተላለፊያ መልካም ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ሰዓቱን የሚወስነው ቦታው ነው፤ አንሺውም ቦታውን ሳያጠና ሊመርጥ አይችልም።

ሦስተኛው ምርጫ ከምን ያህል ርቀት፣ በምን ዓይነት ሌንስ እናንሣ የሚለው ነው። ቸርችል ጎዳናን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በለገሃር በኩል ቆሞ ሩቁን በሚያቀርብ ሌንስ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የተመለከተ ሰው ሕንፃዎቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው፣ ዳገቱም እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይታየዋል። ከዚያው ቦታ ሳይንቀሳቀስ ሰፋ አድርጎ በሚያሳየው ሌንስ ቢያነሣ ግን ከፊቱ ያለው አስፋልት ሥዕሉን ሞልቶ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከሩቅ እንደ ክብሪት ሳጥን ያንሳል። የመጀመሪያውን ያየ እንግዳ «ይህ ከተማ የተጨናነቀ ነው» ይላል። ሁለተኛውን ያየ ደግሞ «ይህ ከተማ ባዶ ነው» ይላል። መንገዱ ግን ያው አንድ መንገድ ነው። ሁለቱም ፎቶግራፎች ምንም አልተጨመረባቸውም፤ አልተቀነሰባቸውምም። ሐሰት ሳይናገሩ ሰውን ማሳሳት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

አራተኛውና ዋናው ምርጫ ሰው ነው። ብዙዎቻችን ሕንፃ ስናነሣ አላፊ አግዳሚው እስኪያልፍ ድረስ እንጠብቃለን። ሰው የሌለበት ሕንፃ ግን የቁመቱ ልክ አይታወቅም። በር ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ የሚነግረን በበሩ የሚገባው ሰው ነው። ከልኩም ሌላ የቦታው ትርጕም ራሱ ከሰዉ ጋር የተያያዘ ነው። በሐረር «መኪና ግርግር» የሚባል የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ፎቶግራፍ ድምፅ ሊያሰማ አይችልም። ስለዚህ ሰፊዎቹንና መኪናዎቻቸውን ትቶ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ብቻ ያነሣ ሰው መንገዱን ከነስሙ አጥፍቶታል። እዚያ በሄድን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ባዶ መተላለፊያ እየፈለጉ ሲያነሡ፣ አንዲት ተማሪ ግን አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አስፈቅዳ፣ ከመኪናቸው ጋር ከነደጃፋቸው አነሣቻቸው። ከጉብኝቱ ከተመለስን በኋላ መምህራችን ስለ ሐረር ያስረዱን በዚያ ሥዕል ነበር።

«አስፈቅዳ» የሚለውን ቃል ያለ ምክንያት አልጻፍሁም። ሰውን ከቦታው ጋር ማንሣት ይገባል ስል፣ ሰውን እንደ ዕቃ መቍጠር ይገባል ማለቴ አይደለም። ከላይ የተጠቀሰውን ሊስትሮ ያነሣው ጓደኛችን አስቀድሞ ልጁን ጠይቆታል፤ ካነሣውም በኋላ ሥዕሉን አሳይቶታል። ልጁም የሚጠርገው ጫማ ሲያብረቀርቅ እንዲታይ እንደገና እንዲያነሣው ነግሮታል። ስለ ሥራው የማያፍር ልጅ ካለ፣ እኛ ስለ እርሱ ሆነን የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

አምስተኛው ምርጫ ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ የሚደረገው ነው። ብርሃኑን ማስተካከል፣ የተንጋደደውን ማቅናት፣ ጠርዙን መቍረጥ የቆየ ሥራ ነው። ዛሬ ግን ጣትን በስልክ ላይ በማሳረፍ ብቻ ሰውን፣ መኪናን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦን ማጥፋት፣ የደመናውንም ሰማይ በሰማያዊ መለወጥ ተችሏል። እኔ እዚህ ላይ ወሰን ሊኖር ይገባል እላለሁ። መሣሪያው ያየውን ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ ያላየውን መጨመርና ያየውን መደምሰስ ግን ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማችንን ጎዳና ያነሣ ሁሉ በሽቦው ብዛት ይማረር ነበር። ዛሬ በብዙ ጎዳናዎች ላይ ሽቦው ከመሬት በታች ስለ ተቀበረ፣ ያ ሲያማርረን የነበረው የሽቦ መረብ ራሱ ታሪክ ሆኗል። ሽቦውን ከሥዕሉ ያልደመሰሰ ሰው ዛሬ መንገዱ እንዴት እንደ ተለወጠ ማሳየት ይችላል፤ የደመሰሰው ግን አይችልም።

አሁን የተቃዋሚዎችን ሐሳብ ልመልከት። አንዳንዶቹ «ፎቶግራፍ ጥበብ ነው፤ ጥበበኛም ነጻ ነው፤ የፈለገውን ይተዋል» ይላሉ። ይህን አልክድም። ጁሊየስ ሹልማን የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ ፒየር ኬኒግ የነደፈውን በኮረብታ ጫፍ ላይ ያለ የመስተዋት ቤት ሲያነሣ፣ ዕቃውን አስተካክሎ፣ ሁለት ሴቶችን በሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ፣ የከተማውንም መብራት ከበታቻቸው አድርጎ ነው። ሁሉም የታሰበበትና የተዘጋጀ ነበር፤ ሥዕሉም በዓለም የታወቀ ሆነ። እኔ በዚህ አልነቅፈውም፤ የሕንፃውን ሐሳብ ለማስረዳት የተነሣ መሆኑ ግልጽ ነውና። እንዲያውም ያ ታላቅ ባለሙያ ያን ሁሉ መስተዋትና ብረት ብቻውን ሳይተው ሰው ጨምሮበት እንደ ነበር ልብ ማለት ያሻል። ነጻነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ነጻ ሆኖ የመረጠ ሰው «ለምን መረጥህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሌሎቹ ደግሞ «የአገርን ገጽታ ማሳመር እንጂ ድኻውን ማሳየት ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ይህ አሳብ ከአገር ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስብ። አንዳንድ የውጭ አገር ጎብኚዎች ወደ አገራችን መጥተው ቆርቆሮውንና የተቀደደ ልብስ የለበሰውን ብቻ መርጠው አንሥተው ሲሄዱ እንቈጣለን። «ፎቃችንንስ፣ ተማሪ ቤታችንንስ፣ ሆስፒታላችንንስ ለምን አላዩም?» እንላለን። ቍጣችን ትክክለኛ ነው። ይሁንና ፎቁን ብቻ አንሥተን ከሥሩ ያለውን ሰው የምንቈርጥ ከሆነ፣ የሠራነው ያንኑ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ አንዱን ግማሽ፣ እኛ ሌላውን ግማሽ መጣላችን ብቻ ነው። የሕንፃውን ግርማ ለማዳን ብሎ መንገዱን የሚጥል ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለውን ይመስላል። ሕንፃውን ከነሊስትሮው ያሳየ ሥዕል ግን ለወዳጅም ለነቃፊም መልስ ይሆናል፤ ሁለቱም አሉና።

«አሁን ስልኩ ሁሉን ራሱ ያስተካክላል፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉም አልጠፉም። ስልኩ ብርሃኑን ይመጥናል፤ የደበዘዘውን ያጠራል። የት እንደምንቆም፣ መቼ እንደምንሄድ፣ ማንን እንደምናስፈቅድ ግን አይነግረንም።

ይህን ጉዳይ ከጣዕም ክርክር በላይ የሚያደርገው ከተማ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ኡዤን አጄ የተባለው ፈረንሳዊ ከባድ የእንጨት መሣሪያና የመስተዋት ሰሌዳዎች ተሸክሞ ለ30 ዓመት ያህል አሮጌይቱን ፓሪስ ሲያነሣ ኖረ። የሚያነሣው ታላላቅ ሐውልቶችን ብቻ አልነበረም። የሱቅ መስኮት፣ የበር ማንኳኪያ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የመንገድ ላይ ነጋዴ፣ ሊፈርስ የተቃረበ መንደር ያነሣ ነበር። ብዙውን ጊዜ በማለዳ ይሠራ ስለ ነበረ ሰው የማይታይባቸው ሥዕሎች አሉት፤ ነገር ግን የሰዉን ሥራና ኑሮ የሚያሳየውን ምልክት ከሥዕሉ አላስወጣም። በሕይወቱ ሳለ ብዙ ዝና አላገኘም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ቤረኒስ አቦት የተባለች አሜሪካዊት በእጁ የቀሩትን ሥዕሎች ሰብስባ ከመጥፋት አዳነች። እርስዋም ወደ አገርዋ ተመልሳ ከ1935 እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ አሮጌው እየፈረሰ አዲስ ፎቅ የሚሠራባትን የኒውዮርክን ከተማ በዚያው መንፈስ አነሣች። ዛሬ የሁለቱን ከተሞች ያለፈ ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የእነዚህን ሁለት ሰዎች ሥዕሎች ይመለከታል።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ አዳዲስ ሥራም ተሠርቷል። ማፍረሱ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም ነበር የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እዚያ ሰፈር የተወለዱ ጓደኞቻችን ቤታቸው የት እንደ ነበረ ለታናናሽ ወንድሞቻቸው ለማሳየት ሲፈልጉ ምን ያሳያሉ? ከመካከላቸው አንዱ በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ፈልጎ፣ የራሱን ፊትና የጓደኞቹን ፊት በመቶ የሚቈጠር ጊዜ አገኘ። የሰፈሩን መንገድ ግን በአንድ ሥዕል ውስጥ ብቻ፣ ያውም ከትከሻው በስተ ጀርባ፣ የእንጨት በረንዳና ግማሽ የሱቅ ሰሌዳ ሆኖ አገኘው። ያን ግማሽ ሰሌዳ ለቤተሰቡ ባሳየ ጊዜ እናቱ የባለ ሱቁን ስም፣ አባቱ የዳቦውን ዋጋ፣ አያቱ ከዚያ በፊት በቦታው የነበረውን ቤት እየጠሩ እስከ ማታ እንደ ተጨዋወቱ ነግሮኛል። በአጋጣሚ የገባ ግማሽ ሰሌዳ ይህን ያህል ካደረገ፣ አስበንበት የተነሣ ሙሉ መንገድ ምን ያህል ሊያደርግ ይችል ነበር?

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቼ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። በየዓመቱ ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ በተማሪ ቤታችን አካባቢ የተመረጡ አምስት ቦታዎች፣ ሁልጊዜ ከአንድ መቆሚያ፣ በአንድ ወርና በአንድ ሰዓት ይነሡ። ሕንፃው ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለው ቤት፣ መንገዱና በመንገዱ ያለው ሰው ይግባ። ሰው ቀርቦ የሚታይ ከሆነ ይጠየቅ። ምንም ነገር አይደምሰስ። ከሥዕሉም በታች የቦታው ስም፣ ሕዝቡ የሚጠራው የሰፈር ስም፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። ቀን የሌለው ሥዕል ስም እንደሌለው መቃብር ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ስልክና የአንድ ጠዋት ጊዜ ይበቃዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን አምሳ ሥዕሎች ይኖሩናል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎችም ታሪክንና ጂኦግራፊን ከራሳቸው መንገድ ሊማሩ ይችላሉ።

ለወላጆቻችንም የምለው አለኝ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፣ በየቤታችሁ በአልበም ውስጥ ያስቀመጣችኋቸውን ፎቶግራፎች አንድ ቀን አውጡና አሳዩን። እናንተ የሠርጋችሁን ቀን ታያላችሁ፤ እኛ ግን ከሙሽሪት በስተ ኋላ የቆመውን ቤት፣ ያለፈውን ታክሲ፣ የአጥሩን አሠራር እናያለን። ቦታው የት እንደ ነበረ ከጀርባው ጻፉልን፤ እናንተ ካልነገራችሁን ልናውቀው አንችልምና። መምህራኖቻችንም ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ትምህርት ቈጥረው እንዲረዱን በትሕትና እለምናለሁ።

ያቺን የሊስትሮውን ሥዕል «ትቈረጥ» ያላችሁ ጓደኞቼ ሆይ፣ ለመጽሔታችን ክብር ብላችሁ እንደ ተከራከራችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ለዚሁ ብዬ ነው። ሕንፃው ገና ለብዙ ዓመት ይቆማል፤ ሌላ ሰውም በፈለገው ቀን ሊያነሣው ይችላል። ያ ልጅ ግን ያድጋል፤ ሥራውንም ይለውጣል፤ ያ የእግረኛ መንገድም ይለወጣል። ዳግመኛ ሊነሣ የማይችለውን ነገር ትተን፣ ነገም የሚነሣውን ብቻ ብናስቀር የሚቈጨን እኛው ነን።